ከልጆች ጋር ዘጌ፡ አንድ ገዳም ይበቃል

እህቴ ለፈረንጆቹ ገና ትምህርት ሲዘጋ ከነልጆቿ ከሮም መጥታ ነበር እና አንዱን ቀን ሁላችንም ጣናን እንይ ተባባልን፣ የሷም ልጆች የኔም ልጆች እማዬም። ማታ እህቴ ቁጭ ብላ ፕሮግራም አወጣች። ደሴት ላይ ያሉት ገዳሞች ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ፣ ዘጌ ላይ ያሉት ገዳሞች በሙሉ፣ ከዛ ተመልሰን በመኪና ጢስ ዓባይ፣ ሲመሽ ደሞ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ባሕር ዳርን ከላይ ማየት። እኔ አይሆንም አልኳት። ከልጆች ጋር ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱንም እስኪጠግቡት።

ይሄን ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ሮም ውስጥ ልጆቹን ስንቱን ቤተክርስቲያንና ፍርስራሽ በአንድ ቀን እንዳዞረቻቸው ነግራኛለች፣ ልጇን ምን አየህ ብዬ ስጠይቀው ግን ያወራልኝ ስለ ፓንቴኦን ጣራ ብቻ ነው። ጣራው መሀል ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክብ ክፍት ቦታ አለ፣ ከተሰራ ወደ 1900 ዓመት ሆኖታል መስታወትም ምንም የለውም፣ ሲዘንብ ውሃው ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርድና በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሄዳል። እነሱ የሄዱ ቀን ዘንቦ ነበር፣ ልጁ እዛ ቆሞ የሚወርደውን ጠብታ ሲያይ እናቱ ቶሎ በል ሌላ ቦታ አለን ብላ ጎትታ አወጣችው። ያን ቀን ካየው ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ገና ሳይጨርሰው።

ስለዚ ዘጌ ላይ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምህረትን ብቻ ብለን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ደረስን። ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ጀልባው መናጥ ይጀምራል፣ ትንንሽ ልጅ ያለው ሰው በጊዜ ሄዶ በጊዜ መመለስ አለበት። ደሞ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት በልጅ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የትልቅ ሰው አልብሶ መውሰድ አይረባም፣ ውሃ ውስጥ ከአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። እኛ የልጅ ያለው እስክናገኝ ጠበቅን።

መንገድ ላይ ታንኳ ሲያዩ ሁሉም ተነሱ። ደንገል ከሚባል የውሃ ተክል የተሰራ መሆኑን ሲሰማ የእህቴ ልጅ ውሃ አይገባበትም እንዴ አለ፣ ባለጀልባውም ሞተሩን ቀነስ አድርጎ አስረዳው፣ ደንገሉ ራሱ ነው የሚንሳፈፈው፣ ውሃ ሲጠጣና ሲከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል አለው። ክብራን አጠገብ ስናልፍ ደሞ ሴት እንደማይገባበት ልጄ ሰማች፣ እኔ ለምን አልገባም ብላ ፊቷ ተለወጠ። የወንድ መነኮሳት ገዳም ነው፣ ሥርዓታቸው ነው፣ ከጎኑ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴት ይገባል አልኳት። አልተዋጠላትም፣ እኔም እንድትስማማ አልገፋኋትም።

ዘጌ ወርዶ እስከ ኡራ ያለው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ነው፣ ጊዜው የለቀማ ስለሆነ ቀዩ ቡና ገና ዛፉ ላይ ነበር፣ ደጅ የተሰጣም አለ። እማዬ አቡነ በትረ ማርያም ዘንጋቸውን ሰብረው ተከሉት፣ ቡና ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለውን ታሪክ እየነገረቻቸው ሄዱ። ልጆቹን የገረማቸው ግን እዚህ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል መሆኑ ነው፣ ደኑም እስካሁን የቆየው በዚህ ነው። ጦጣዎቹንም ረጅም ሰዓት አይተናል፣ ማንም ቶሎ በሉ አላለም!

ቤተክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ጫማ አውልቃችሁ ትገቡና የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ሙሉውን ማየት ቀን ይፈጃል፣ ስለዚ ልጆቹን አንድ አንድ ምረጡ አልናቸው። ትንሹ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሊመርጥ ሲል የሌሎቹን አየና ሁሉም በላዔ ሰብእ ላይ ተሰበሰቡ፣ 78 ሰው የበላው። አስጎብኚው ዲያቆን ታሪኩን ቀስ አድርጎ ነገራቸው፣ በመጨረሻ አንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፣ ሲሞት የበላቸው ሰዎች ነፍሶችና ውሃው ሚዛን ላይ ተቀመጡ፣ እመቤታችን ጥላዋን ስታጠላበት ውሃው ሚዛን ደፋ።

ከዛ ጥያቄው መጣ። የእህቴ ልጅ 78 ሰው በልቶ በአንድ እፍኝ ውሃ እንዴት ይማራል አለ። ልጄ ደሞ የተበሉት ሰዎች ቤተሰቦችስ ምን አሉ አለች። ዲያቆኑ ዝም ብሎ ቆየና፣ እሱን እኔም ልጅ ሆኜ መምህሬን ጠይቄያለሁ አላት። እማዬ ምህረት ማለት ይሄው ነው ብላ ልትዘጋው ፈለገች፣ ልጆቹ ግን እሺ አላሉም፣ ወጥተን ዛፍ ስር ዳቦና ብርቱካን እየበሉም ሲከራከሩ ነበር፣ እህቴም ገብታበት። እኔ በህይወቴ ስንቴ ያየሁትን ሥዕል እንደዛ ቀን አስቤበት አላውቅም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶችም አሉ፣ እነሱን ፈጠን ብለን ነው ያየናቸው። ነጠላ ያዙ፣ ለመግቢያም ለአስጎብኚም ካሽ ያዙ። ንፋሱ ሳይነሳ ባሕር ዳር ገባን።

ጢስ ዓባይን አልሄድንም። በዚህ ወቅት ውሃው ይቀንሳል፣ ሙሉ ሆኖ ጭሱ የሚታየው ክረምት መውጫው ላይ ነው። እህቴ ለሚቀጥለው ነሐሴ ትኬት እያየች ነው፣ እሱንም ለብቻው አንድ ቀን እንሰጠዋለን።