የጣራ ጠርዝ ሥራ፦ ክፈፍ፣ ፋሻና አሸንዳ ከግንቦት እስከ ነሐሴ

የእናቴን ቤት የጣራ ጠርዝ በራሴ እጅ ማደስ ከጀመርኩ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቤቱ ደብረ ብርሃን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ስፋቱ 8 በ6 ሜትር፣ ጣራው ግራና ቀኝ ያዘነበለ ቆርቆሮ። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ነፋሷ አያስቀምጥም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ከነበረዶው ይወርዳል።

እንዲህ ባለ አገር ጣራ የሚያረጀው ከጠርዙ ነው። መሀሉ ላይ የወረደ ዝናብ ቁልቁል ሄዶ ያልፋል። ነፋስ ቆርቆሮ የሚገነጥለው ግን ከጠርዝ ጀምሮ ነው፤ ውሃ ወደ እንጨቱ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው፤ የጭቃውን ግድግዳ ከሥር የሚበላውም ከጠርዝ የወረደው ውሃ ነው። ስለዚህ ብሩ ሲያጥር መሀሉን ቀለም ከመቀባት ጠርዙን መጠገን ይሻላል ባይ ነኝ።

የበልጉ ዝናብ ሲጥል መሰላል አስደግፌ የቆርቆሮውን ጫፍ ከሥር ተመለከትኩ። ጠብታው ጫፉ ላይ ሲደርስ ወዲያው አይወድቅም። ተንጠልጥሎ ይቆይና ግማሹ ይንጠባጠባል፣ ግማሹ ዞሮ በቆርቆሮው ሆድ ተለጥፎ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፋሻው (የጣራውን ጠርዝ ከፊት የሚሸፍነው ሰሌዳ) ጋ ሲደርስ እንጨቱ ይጠጣዋል። ከደጅ ሲታይ የፋሻው ቀለም ደህና ነበር፤ የላይኛውን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ጣቴ ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቆርቆሮው የሚያበቃው ልክ ፋሻው ላይ ነበር። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ መውጣት ነበረበት። አሁን እንደዚያ አድርጌዋለሁ፤ በተጨማሪ የእያንዳንዱን ስርጓዳ ጫፍ በፒንሳ በትንሹ ወደ ታች አጥፌዋለሁ። ያቺ ትንሽ እጥፋት ውሃው እንዳይመለስ ታደርጋለች። በሚቀጥለው ዝናብ ከሥር ሳየው የቆርቆሮው ሆድ ደረቅ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጣራ የሠሩ አናጺ አሉ። «ጋሼ፣ ፋሻውን ብቻ ለውጬ ቆርቆሮውን መልሼ ልምታው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተው ልጄ፤ መጀመሪያ የዳሩን ሞራሌ እየው። እሱ ከተበላ ሚስማር ብትደረድርም አይይዝልህም» አሉኝ። እውነትም የመጨረሻው ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) ከፊሉን ምስጥ በልቶታል፣ ከፊሉ በስብሷል። እሱን ነቅሎ መቀየር ከሁሉም አድካሚው ክፍል ሆነ።

ስለ እንጨቱ ሁለት ነገር ልበል። ባሕር ዛፍ እኛ ጋ እንደ ልብ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተመታ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርጎ ረድፍ በረድፍ ደርድሮ ማድረቅ ግድ ነው። ለፋሻ ጽድ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ለተሸፈነው እንጨት ይሁን፣ ፋሻ ላይ ግን አልመክርም፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ቀለም አይይዝም። ፋሻውን ከመስቀሌ በፊት ጀርባውንም ጭምር ቀባሁት። በተለይ በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ሁለት ሦስቴ መቀባት አለበት፤ እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።

ሚስማር አመታቱ መሀልና ጠርዝ ላይ አንድ አይደለም። ነፋስ ጣራን ወደ ላይ የሚስበው ጠርዝና ማዕዘን ላይ በርትቶ ነው። መሀል ላይ በየሦስት ጉብታው ከተመታ፣ የዳሩ ሞራሌ ላይ በየሁለት ጉብታው፣ ማዕዘኑ ላይ በየጉብታው መታሁ። ሁልጊዜ ጉብታው ላይ፣ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር፤ ስርጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር ውሃ የሚሄድበትን መንገድ መብሳት ነው። ጎማው ተጨፍልቆ እስኪወጣ መምታትም ጥሩ አይደለም፣ ይሰነጠቃል። የኛ አገር ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ቆርቆሮውን ሲያስረዝመውና ሲያሳጥረው ስለሚውል ሚስማሩ በየጊዜው መታየት አለበት። ቆርቆሮ ስትገዙም ጌጁን (የውፍረት ቁጥሩን) ጠይቁ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ለጠርዝ ከሁሉ ስሱን አልመርጥም። ከመጨረሻው ሞራሌ ወዲያ የሚንጠለጠለው ክፍልም ከአንድ ስንዝር ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ነፋስ ሲነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

አቆራረጡን በተመለከተ መቀስ ተጠቀሙ። ግራይንደር ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ብረቱን የሚጠብቀውን ዚንክ ያቃጥለዋል፣ የተረጨው ፍንጣሪም ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ጥቂት ዝናብ ሲያገኝ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። በመቀስ የተቆረጠውን ጫፍ ግን ዳር ያለው ዚንክ ራሱ እየተበላ ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል። እኔ ከዚያም በላይ የተቆረጠውን ሁሉ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀባሁት።

አሁን ወደ አሸንዳው። ክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣራ ክፍል) በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚወጣ የጣራው ርዝመት 9.2 ሜትር ይሆናል፤ የአንዱ ወገን ጣራ ከላይ ሲታይ 33 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ዶፍ ብቻ ከአንዱ ወገን 660 ሊትር ያወርዳል። ይህን ሳሰላ ነው ያለ አሸንዳ የጭቃ ግድግዳ ለምን እንደሚጎዳ በደንብ የገባኝ። ለመውረጃ ቱቦ ባለሙያዎች የሚይዙት ቀላል ስሌት አለ፦ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣራ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ 20 ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ ባለ 75ቱ ይበቃል። እኔ ባለ 110 አደረግኩ፤ በረዶና የባሕር ዛፍ ቅጠል አብሮ ስለሚመጣ።

የአሸንዳው ዝቅታ በሜትር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.6 ሴንቲ ሜትር። በዓይን አይሆንም። በሚታይ ላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሁለቱን ጫፍ አመጣጠንኩ፣ ከዚያ የመውረጃውን በኩል ዝቅ አድርጌ ሲባጎ ወጠርኩ፣ መያዣዎቹን በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በሲባጎው ልክ መታሁ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከግድግዳው በኩል ካለው ዝቅ ማለት እንዳለበት ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አሸንዳው በበረዶ ሲደፈን ውሃው ወደ ደጅ ይፈስሳል እንጂ ወደ ፋሻው አይመለስም። ሐምሌ ላይ በረዶው ጥሎ አሸንዳው ሲሞላ ቆሜ አየሁት፤ የፈሰሰው በሙሉ ወደ ውጭ ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል።

በጎንና በጎን ያለው ጠርዝ ፍላሺንግ ይፈልጋል፤ የመጨረሻውን ጉብታ ሸፍኖ ወደ ሰሌዳው የሚወርድ የታጠፈ ላሜራ። በፊት በኩል ያለው አልቋል። ድንቢጦች የሚገቡበት የጉብታ ክፍተትም በዚያው ተዘግቷል።

ጥገናው ከባድ አይደለም፤ መርሳት ነው የሚጎዳው። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ አፈር እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ሰኔ ሲገባ አንዴ፣ በክረምቱ መሀል አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ እጠርጋለሁ። መደራረቢያዎቹ ላይ ዝገት ካየሁ በሽቦ ብሩሽ ፍቄ አንቲረስት እቀባለሁ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ግን አትውጡ፤ ሲደርቅም የምትረግጡት ሚስማር የተመታበትን መስመር ይሁን፣ ሥሩ ሞራሌ አለና።

የቀረኝ የጓሮው ጎን ፍላሺንግና የግድግዳው እግር ነው። አሸንዳ በሌለበት በኩል የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ተፈናጥሮ ጭቃውን እስከ ጉልበት ያርሰዋል፤ እዚያ ድንጋይ ደርድሬ ወደ ውጭ ያዘነበለ ቦይ እሠራለሁ። ለጓሮው የተገዛው ሰሌዳ ገና እርጥብ ስለሆነ እስከ ጥቅምት ይድረቅ ብዬ ትቼዋለሁ። ከእናንተ መሀል በፋሻ ፋንታ የታጠፈ ላሜራ ብቻ ተጠቅሞ ነፋሻ ቦታ ላይ የሞከረ ካለ፣ ከሥሩ ምን ያህል ተራርቆ ድጋፍ እንዳደረገለት ቢነግረኝ ለጓሮው ይጠቅመኛል።