ፊትና ኋላ የሌለው ምሽግ

ዛሬ ካምብሪጅ አጠገብ፣ ድሮ የኦኪንግተን ጦር አውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሜዳ ስንንሸራሸር ከሣሩ ብቅ ያለ ክብ ኮንክሪት አየን። ጓደኛዬ «የውሃ ጋን ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንድ አዛውንት ቆም ብለው «ከጣሪያው ሥር ተመልከቱ» አሉን።

ጎንበስ አልን። ጣሪያው እንደ እንጉዳይ የተደገፈው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። ዙሪያውን ክፍት። የተኩስ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም! በውስጡ ጠርዝ ዙሪያውን የሚሄድ የብረት ቧንቧ አለ፤ ዝገት በልቶታል። ለካ የጦርነት ጊዜ ምሽግ ኖሯል፤ መትረየሱ የሚንሸራተተው በዚህ ቧንቧ ላይ ነበር። ወታደሩ ወደፈለገው አቅጣጫ ይዞር ነበር።

ምክንያቱ ገባኝ። በ1940 (በፈረንጆቹ) ጀርመኖች ሆላንድ ውስጥ ፓራሹተኞቻቸውን በቀጥታ አየር ማረፊያዎች ላይ አውርደው ነበር። እንዲህ ያለ ጠላት በበር አይመጣም፣ መሃል ላይ ነው ዱብ የሚለው። ስለዚህ ማረፊያውን የሚጠብቁት ወታደሮች የገዛ ማኮብኮቢያቸው ላይ ለመተኮስ ተዘጋጅተው ነበር የሚያድሩት። ይከብዳል እኮ!

እንግሊዝ ያላችሁ፣ እርሻ መሃል የፈራረሰ ምሽግ ካጋጠማችሁ ቀዳዳው ወዴት እንደሚያይ ልብ በሉ። ወደ ባዶ ሜዳ ከሆነ፣ ሜዳው አውሮፕላን ማረፊያ የነበረ ሊሆን ይችላል።