ዘፋኙ ጊታሩ ነው

ጊታር ልማር ብሎ ጅማ፣ መንደራ ሰፈር ቤቴ ድረስ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የማሰማው አንድ አልበም አለ። የሻዶውስ «ግሬተስት ሂትስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ። ልጆቹ ትንሽ ያዳምጡና «ቲቸር፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይላሉ። አይገባም። ዘፋኙ ጊታሩ ነው። ትዝታን በዋሽንት ስንሰማ ግጥሙን የሚጠይቅ አለ እንዴ?

ሻዶውስ የእንግሊዙ ድምፃዊ የክሊፍ ሪቻርድ አጃቢዎች ነበሩ። በ1960 «አፓቼ»ን አወጡና የራሱን የክሊፍን ዘፈን ከእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኝነት አወረዱት። አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነው ቆዩ። ደስ የሚለኝ ክሊፍ ራሱ በዚያ ቀረጻ መግቢያ ላይ ከበሮ መምታቱ ነው። የቡድኑ ዜማ መሪ ጊታሪስት ሃንክ ማርቪን የሚጫወትበትን ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታርም ከአሜሪካ ያስመጣለት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ድምፃዊ ለአጃቢ ይስጠው!

«የምርጦች ስብስብ አልበም አይባልም» የሚሉ አሉ። በሻዶውስ ላይ ይህ አይሠራም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር በነጠላ ሸክላ የወጣ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አልበም ውስጥ አይገባም ነበር። በ1961 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ «አፓቼ»ን ብትፈልጉ አታገኙትም። ሰው ያበደላቸው ሥራዎች አንድ ላይ የተሰበሰቡት «ግሬተስት ሂትስ» ላይ ነው። ለእኔ ዋናው አልበማቸው ይሄ ነው።

«አፓቼ»ን ሳስተምር ልጆቹን የሚያስቸግራቸው ፍጥነቱ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ጣት ሲሮጥ እያዩ ስላደጉ ሁሉም መሮጥ ይፈልጋል። ማርቪን ግን አይሮጥም። አንዷን ኖታ ይመታና ይጠብቃታል። ቀኝ እጁ ከክሮቹ በታች ያለችውን ዘንግ ይዟል፤ በስሱ ሲነካት ድምፁ ወዝወዝ ይላል። ከኋላ የኢኮ ማሽኑ ኖታዋን ይመልሳታል። መሐል ላይ ደግሞ የመዳፉን ጠርዝ ክሩ ላይ አሳርፎ ድምፁን ያፍነዋል፤ ጥርት ያለው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ተማሪዎቼን አንዷን ኖታ እስክትጠግብ ያዟት እላለሁ። ይህን የቻለ ልጅ አምባሰልም ባቲም ሲጫወት ያስታውቃል።

አልበሙን እስከ መጨረሻው ስትሰሙት ቡድኑ ሲቀያየር ይሰማችኋል። ድራመሩ ቶኒ ሚሃን በ1961 ወጣ፤ ቤዝ ጊታሪስቱ ጄት ሃሪስ በ1962 ተከተለው። በእነሱ ቦታ ብራያን ቤኔትና ብራያን ሎኪንግ ገቡ። በ1963 መጀመሪያ ላይ «ዳንስ ኦን» አንደኛ ወጣ። በሳምንቱ ከዚያ ቦታ ያወረደው ማን መሰላችሁ? ሃሪስና ሚሃን፣ «ዳይመንድስ» በሚል ሥራ። እሱንም የደረሰው «አፓቼ»ን የሰጣቸው ጄሪ ሎርዳን ነው። ስምንት ሳምንት አንደኛ የቆየው «ወንደርፉል ላንድ»ም የሎርዳን ነው። ይህ ሰው ዜማ ያውቃል።

ክረምት ላይ እኛ ጅማ መብራት ሲጠፋ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) የለም፣ ኢኮ የለም። ያኔ «ጊታር ታንጎ»ን እናነሳለን። ሻዶውስ እሱን የተጫወቱት በአኩስቲክ ጊታር ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠጋ ጠጋ ብለን እንጫወታለን። ልጆቹ ከማሽን የተላቀቀውን የእጃቸውን ድምፅ የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ይህን ትምህርት ከሁሉም አስበልጠዋለሁ።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አሁን አሁን ሰርጉ ሁሉ በአንድ ኪቦርድ ያልቃል። ድራሙም ቤዙም ጊታሩም አንድ ሰው ጣት ላይ ነው። ኑሮ ነው፣ አልፈርድም። ግን ልጆቻችን አራት ሰው እርስ በርሱ እየተደማመጠ ሲጫወት የት ይዩ? ብሩስ ዌልችን ስሙት። ሪትም ጊታሩን፣ ማለትም ዜማውን በምት የሚያጅበውን ጊታር፣ ይዞ ከማርቪን ኋላ ቆሟል፤ አንድም ቦታ አይጋፋውም፣ አንድም ቦታ አይለቀውም። ማርቪን ረጋ ብሎ ኖታውን የሚይዘው ዌልች ስላለ ነው።

እኔ ጋ የሚመጡት ሁሉ ሊድ፣ ዜማውን የሚመራውን ጊታር፣ ነው የሚሉት። ጅማ ያላችሁ፣ ሪትም መያዝ የምትወዱ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉ። ቤዝ ተጫዋች አለን፣ ድራሙም ተገኝቷል። የጎደለን ሪትም ነው።