የመሥሪያ ቤቱን መኪና ቁልፍ የሚያስነጥቀው ደንብ፦ እንዴት እንዳወጣነው

በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆኜ ስመደብ የተረከብኩት የተሽከርካሪ ደንብ ፈቃድ ስለ መስጠት ብዙ ይላል፤ ስለ መንሳት ግን ቃል አይተነፍስም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ማመልከቻ ይጽፋል፣ አለቃው ይፈርምለታል፣ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሃይሉክሱን ይነዳል። መሀል ላይ ዓይኑ ቢደክም፣ መጠጥ ቢያበዛ፣ የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ቢያልፍበት የሚጠይቀው የለም።

ውጭ አገር ያለው ዋና መሥሪያ ቤታችን ናሙና ልኮልን ነበር። በናሙናው አሠሪው የሠራተኛውን የጥፋት መዝገብ በየዓመቱ ከመንግሥት ያስመጣል፣ ነጥብ ይደምራል፣ ከልኩ ሲያልፍ ፈቃዱን ይነሳል። እኛ ዘንድ ይህ አላዋጣንም። ትራፊክ ፖሊስ የቀጣው ሠራተኛ ቅጣቱን ከፍሎ ወረቀቱን ኪሱ ከከተተው እኛ በምን እንሰማለን? ስለዚህ ከሌላ ጫፍ ጀመርን፦ የተቀጣ ወይም መኪና ያስጫረ ሰው በማግሥቱ ለስምሪት ክፍል ያስታውቃል። ያስታወቀ በጥፋቱ ልክ ይጠየቃል፤ የደበቀ ግን ጥፋቱ ኢምንት ቢሆንም ቁልፉን ያስረክባል።

ከደንቡ ሁሉ አንድ አንቀጽ ብቻ አስቀሪ ብባል ይህንን አስቀራለሁ። ቀድሞ ሾፌሮቻችን መኪና ሲጫርባቸው በራሳቸው ገንዘብ ቀለም አስቀብተው ከመሸ በኋላ ግቢ ያስገቡ ነበር። ጭረቱስ ምንም አይደል፤ የሚያስፈራው ከቀለሙ ሥር መሪው ወይም የጎማው መያዣ ተነክቶ ነገ ሌላ ሰው ይዞት መውጣቱ ነው።

ለምን ይደብቃሉ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ደመወዝ ነበር። አሮጌው ደንብ ጉዳቱን ከሾፌሩ ደመወዝ ያስቆርጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ለሾፌር ግን ሲሶውም የቤት ኪራይ ነው። ለቀላል ጭረት መቁረጡን አስቀረነው። የሒሳብ ክፍሉ አኩርፎኝ ከረመ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ የታረቀኝ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያከራከረን ሾፌርንና ሾፌር ያልሆነን በአንድ ሚዛን የማየቱ ጉዳይ ነው። የጤና ባለሙያው ፈቃዱን ቢነጠቅ ከሾፌር ጋር ወደ መስክ ይወጣል፤ ክብሩ ትንሽ ይነካ ይሆናል እንጂ እንጀራው አይጎድልም። ሾፌሩ ሲነጠቅ ግን የተቀጠረበት ሥራ ራሱ ነው የሚቆመው። አዋጁ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበትባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ «መሪ አትያዝ» ማለት በእጅ አዙር ማሰናበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪጣራ ሾፌሩ ደመወዙን እያገኘ በመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ወይም በጠዋቱ የመኪና ፍተሻ እንዲሠራ አደረግን። መንጃ ፈቃዱን መንግሥት ራሱ ከነጠቀው ደግሞ ነገሩ ከእኛ ኮሚቴ በላይ ስለሆነ በሰው ኃብት በኩል በሕጉ መሠረት ይታያል።

ቁልፍ ወዲያውኑ የሚያስረክቡ ጥፋቶችን ጥቂት አደረግናቸው፦ ጠጥቶ ወይም ጫት እየቃመ መንዳት፣ ቁልፉን ላልተፈቀደለት ሰው መስጠት፣ ከአደጋ ቦታ መሸሽ። ጊዜው ያለፈበት መንጃ ፈቃድ የያዘ ወይም በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሚኒባስ ሊያስነሳ የመጣ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ እስኪያስተካክል ግን አይነዳም፤ የመድን ውላችን በእንዲህ ያለ አሽከርካሪ እጅ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልምና። በፍጥነት፣ በቀበቶና በእጅ ስልክ በማስጠንቀቂያ ይጀመራል። ጂፒኤሱ «ድንገተኛ ፍሬን» እያለ የሚቆጥረውን ከጥፋት መዝገብ አወጣነው። ሻሸመኔ መውጫ ላይ አህያ ዘላ የገባችበት ሾፌር ፍሬን በመያዙ ሊቀጣ ነው ወይስ ሊመሰገን?

የጫቱን ነገር በቅጣት ብቻ መግፋት አልፈለግሁም። ከጅጅጋ በአንድ ቀን አዲስ አበባ ግባ የተባለ ሰው ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚነዳው፤ እንቅልፉን በምን ያባርር? ከመሸ በኋላ ከከተማ ውጪ መንዳትን ከለከልንና ጅጅጋ ደርሶ የሚመለሰው ሾፌር መንገድ ላይ እንዲያድር የውሎ አበል መደብንለት። የጉዞ ዕቅዱን ያጣበበው የፕሮግራም ክፍሉ ከሆነ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ጠበቃችን አንድ ነገር ያስታወሰን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መሠረት መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ባለቤቱ ከዚህ የሚያመልጠው ጉዳቱ ሲደርስ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው። እንግዲህ «ፈቃድህ ተነስቷል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ሰውየው ቁልፉን ከግድግዳው ምስማር ላይ አንስቶ ቢወጣ ደብዳቤው ማንንም አያድንም።

ከዚያ በኋላ ጉልበታችንን ከወረቀቱ ወደ ቁልፉ አዞርነው። ምስማሮቹን ነቅለን የብረት ሣጥን አስገባን። ትርፍ ቁልፎች በየአለቃው መሳቢያ ተበትነው ነበር፤ እነሱን መሰብሰብ ደንቡን ከመጻፍ በላይ አደከመኝ። የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር በጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጠፈ፤ ፈቃዱ የተነሳ ሰው ስም የዚያኑ ዕለት ይፋቃል፣ ለክልል ቢሮዎችም በስልክ ይነገራል። የመውጫ ወረቀት ላይ ያለው ስም ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ በሩ አይከፈትም።

የመጀመሪያው የተነጠቀ ሰው ሁላችንም የምናከብረው አንጋፋ የክፍል ኃላፊ ሆነ። ቁልፉን ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ መኪናው ለሠርግ ወጥቶ ነበር። ደብዳቤውን ሲቀበል ምንም አላለም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ ያልደረሰበት ሾፌር ባስወጣለት ወረቀት ራሱ መሪ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ዘበኛው ወረቀቱን ተቀበለ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደና፣ «የእርስዎ ስም የለም ጌታዬ፤ ወረቀቱም የሌላ ሰው ነው» አለው። ክላክስ ተነፋ። ኃላፊው ወርዶ ወደ ቢሮዬ መጣ። «እህቴ፣ በዘበኛ ታስመልሺኛለሽ?» አለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም በፈረሙበት ደንብ ነው» አልኩት። ወጣ።

ሰኞ ሽማግሌ መጣ፤ ሦስት የሥራ ባልደረቦች በቡና ሰበብ። እኔም ሆንኩ የስምሪት ኃላፊው ይቅር የማለት ሥልጣን እንዳይኖረን ቀደም ብለን አስበንበት ስለነበር ነገሩ ቀለለኝ። ስምሪት ክፍሉ ቁልፍ ይቀበላል፤ የሚወስኑት ግን ከሰው ኃብት፣ ከስምሪትና ሾፌሮቹ ራሳቸው ከመረጡት አንድ ሰው የተውጣጡ ሦስት አባላት ናቸው። የቅርብ አለቃ አይገባበትም፤ መኪናው ነገ መስክ እንዲወጣለት የሚፈልግ ሰው እንዴት ይፈርዳል? ይግባኝ ለዳይሬክተሩ ነው። ሽማግሌዎቹን ወደዚያ መራኋቸው፤ ቡናውንም ጠጣን።

ኃላፊው በሦስት ወሩ ተመለሰ፤ በልመና ሳይሆን በፈተና። ከአንጋፋው ሾፌራችን ጎን ተቀምጦ ከመገናኛ እስከ ሰበታ ነዳ፤ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞውንም ከሾፌር ጋር አደረገ። መመለሻው በደንቡ ውስጥ ቀኑና መንገዱ ተለይቶ ስለተጻፈ ደጅ የሚጠና አልነበረም። ይህንን አንቀጽ እንድናስገባ የወተወቱን ሾፌሮቹ ናቸው፤ መመለሻ የሌለው ደንብ ቢሆን ኖሮ አንድም ጭረት እንደማናይ በግልጽ ነግረውናል።

በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ የጉዳት መዝገቡን አይቶ «ደንብ ካወጣን ወዲህ አደጋ ለምን በዛ?» ብሎ ጠራኝ። መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት፤ አብዛኛው የጎን መስታወትና የበር ጭረት ነው፣ ቀድሞ ማታ ቀለም የሚቀባው ዓይነት። አሁን የቀረኝ የሞተር ብስክሌቶቹ ጉዳይ ነው። ወረዳ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሞተሩን ቤታቸው ስለሚያሳድሩት ቁልፉ በእኛ ሣጥን አይገባም፤ ለእነሱ የሚሆነውን አንቀጽ ከሾፌሮቹ ተወካይ ጋር እየጻፍን ነው።