አይዞህ ባዩን ማን አይዞህ ይበለው?

ሥልጠና ሲጀመር የማትቀር ጥያቄ አለች። «ከዚህ ሥልጠና ምን ትጠብቃላችሁ?» ሰው በየተራው ይነሳና የለመደውን ይላል። እውቀት፣ ክህሎት፣ የልምድ ልውውጥ። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ የእድር ዳኛ ተራቸው ሲደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔስ እንቅልፍ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ ነርስ ነኝ። ከጣርማ በር ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ የሚባለውን ሥልጠና እሰጣለሁ። የሰው ነገር ሳነሳ መንደሩንም ዕድሜውንም ቀያይሬዋለሁ። ማን ይሆን ብላችሁ አትድከሙ።

አካባቢያችንን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ላይ የሆነውን ያልሰማ የለም። ከተማዋ ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና ዙሪያ ደረሰ። ስንቱ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጣው። ደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉትንም ይዛ ከርማለች። ከሞቃት አገር መጥቶ የደብረ ብርሃንን ብርድ በሸራ ቤት መግፋት ራሱን የቻለ መከራ ነው። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ተኩሱ ሲሰማ ሲጠፋ ነው የኖርነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ «ረዳት» የሚባለው ማን ነው? መመሪያ ላይ ሲነበብ ተጎጂና ረዳት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከውጭ ይመጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኛ ጋ ግን ሠልጣኙ ማን መሰላችሁ? ቤቷ የተቃጠለባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ተማሪዎቹን የቀበረ መምህር ነው። ፍትሐት ሲያደርሱ የከረሙ ቄስ ናቸው። ወንድማቸው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የማያውቁ ሸኽ ናቸው። እኚያ የእድር ዳኛ በዚያ ሰሞን የለቅሶ ድንኳን ከመትከል አላረፉም ነበር። ለሌላው «እግዜር ያጽናህ» ሲሉ ከረሙ። የራሳቸውን ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም።

ሥልጠናው ራሱ ክፉ አይደለም። እንዲያውም እወደዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ያወጣው መመሪያ አለ፤ ዋናው ነገር ሦስት ነው። ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መጀመሪያ ቦታው ደኅና መሆኑን፣ አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ታያለህ። ከዚያ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቀህ ትሰማለህ። ከዚያ ከቤተሰቡ፣ ከምግቡ፣ ከሕክምናው ታገናኘዋለህ። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ይህን ስንናገር ሠልጣኙ፣ «ይሄማ የኛው ነገር ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ጎረቤት ሲደነግጥ ውኃ ይዞ የሚሮጥ አገር ነው።

ከኛው ነገር የሚለየው ግን አለ። አንደኛ፣ እኛ ሰው ሲያለቅስ አንወድም። «ተይ፣ በቃ፣ እርሺው» እንላለን። «ወንድ ልጅ እንዴት ያለቅሳል» እንላለን። «ካንቺ የባሰ አለ» ብሎ ማጽናናትም አለ። እሱን እንዳልሰማ ባልፍ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ታሪክ ማስወጣት። ቀድሞ በሌላው ዓለም፣ አደጋ በደረሰ በቀናት ውስጥ ሰውን ሰብስቦ ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር ማድረግ ይበጃል ተብሎ ይሠራበት ነበር። በኋላ ሲጠና እንደማይጠቅም ታየ፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሰው ሊብስበት ይችላል። አሁን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ ዝም ያለ ዝም ይበል፣ አጠገቡ ግን ሰው ይኑር። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን እያወቅን ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ቅጽ የያዘ ሁሉ ካምፕ ሲገባ፣ «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ ይጀምራል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። አንዲት እናት መጠለያ ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ ለመጣው ሁሉ ስነግር ስነግር አሁንስ የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። ለመሆኑ ዘይቱ መቼ ነው የሚመጣው?» ስቄ ዝም አልኩ። ግን ልክ ናት። ዘይቱ መቼ እንደሚመጣ አጣርቶ መንገር ከመመሪያው ሦስተኛው ቃል ውስጥ ነው። ለዚያች ሴት የመጀመሪያው የሥነ ልቦና እርዳታ እሱ ነበር።

ስለ ለቅሶ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምገረምበት እሱ ነው። በሽሽት ላይ የሞተ ሰው ለቅሶ የለውም። ሦስት ቀን የሚቀመጥለት የለም፣ አርባው አይወጣም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። አስከሬን ያላገኘ ቤተሰብ ደግሞ የባሰ ነው። ለቅሶ ከተቀመጠ መሞቱን ማመኑ ነው፤ ካልተቀመጠ ደግሞ ሌሊት በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሳል። አንድ ሰፈር ነገሩ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ ለሁሉም አንድ ላይ ድንኳን ተከለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ተቀመጠ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን፣ ሸኾቹ ዱአቸውን አደረሱ። ሴቶቹ የሟቾቹን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ይህን ያዘዘ ባለሙያ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ጤና ጣቢያ መመላለስ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ድንኳኑ አዳናቸው ለማለት አይደለም። ግን ያየሁትን አየሁ።

ጤና ጣቢያ ስል፣ ሰው እኛ ጋ መጥቶ «የሥነ ልቦና ጉዳት ደርሶብኛል» አይልም። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ራሴን ወጥሮ ይይዘኛል»፣ «ልቤ ይደልቃል» ነው የሚለው። የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጠጋ ብለህ «እንቅልፍስ?» ስትለው ነው ነገሩ የሚወጣው። ይባንናል። በዚያ መንገድ አያልፍም። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ ይተኛል። ልጁ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ጀምሯል። ክረምት ነጎድጓድ ሲመጣማ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ሕፃን ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ።

ሠልጣኞች ደጋግመው የሚጠይቁት «ይሄ እብደት ነው ወይ?» የሚለውን ነው። አይደለም። ከከባድ ነገር በኋላ ባሉት ሳምንታት መባነን፣ መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሰው ካለው፣ ከበላ፣ ከተኛ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከወር በላይ ከቆየና ሥራውን፣ ልጆቹን ማየት ካቃተው፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ግን ወደ ሕክምና ይላክ። ጸበሉን ይተው አልልም፣ አብሮ ይሂድ። ጦርነት በነካው አካባቢ በየትኛውም ጊዜ ከአምስት ሰው አንዱ የሆነ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ለአንድ ቀበሌ አስሉት እስቲ።

ሁለት ነገር ላይ ኮስተር እላለሁ። አንዱ መድኃኒት ነው። ከፋርማሲ ዲያዚፓም ገዝቶ መተኛት ተለምዷል። ማታ ማታ አረቄም እንደ መድኃኒት ይወሰዳል። ከድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንደ ዲያዚፓም ያሉ መድኃኒቶች ለዚህ ችግር እንዲሰጡ አይመከርም፤ ሱስም ያስይዛሉ። ሁለተኛው የተደፈረች ሴት ጉዳይ ነው። ነገሩን ደብቆ ማቆየት አለ፣ «ስሟ እንዳይጠፋ» እየተባለ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ሽምግልናውም ክሱም ከሐኪሙ በኋላ ይድረስ።

የመተንፈስ ልምምዱን ማስተማር መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ስንል የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ዓይን ገልጦም ይሆናል። በቀስታ ማስገባት፣ ከዚያም ረዘም አድርጎ ማስወጣት። አንድ ቄስ ከኪሳቸው መቁጠሪያቸውን አወጡና በየፍሬው እየተነፈሱ አሳዩን። ጎናቸው የተቀመጡት ሸኽ ሙስበሃቸውን አወጡ። አሁን እንደዚያ ነው የምናስተምረው። ከፕሮጀክተሩ ይሻላል፣ መብራትም አይፈልግም።

ወደ ረዳቱ ልመለስ። የሰውን መከራ ሲሰማ የሚውል ሰው ነገሩ ይጋባበታል። ያላየውን በሕልሙ ያያል። ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ወይም ጭራሽ አያወራም። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም፤ ሰው እያለቀሰ እሱ ቅጹን ይሞላል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁሉም ያውቀዋል። እኔም ዳገቱን በእግራቸው ከወጡት ነኝ፤ ለዚያም ነው ስለ ሽሽት ስናስተምር እኔ ሳልሆን ባልደረባዬ እንዲያስተምር የተስማማነው።

መመሪያው ስለ ረዳቱ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ራሱን እንዴት ይጠብቅ፣ ከሥራው በፊት ምን ያስብ፣ ከሥራው በኋላ እንዴት ይረፍ። ያ ምዕራፍ ግን መቼ ነው የሚሰጠው? በመጨረሻው ቀን ከሰዓት። ሰዉ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ፣ አበል ሊፈርም ተሰልፎ፣ መኪና እንዳያመልጠው ሰዓቱን እያየ። ከዚያ ፎቶ ተነስተን እንለያያለን። ከወራት በኋላ «ክትትል» ይመጣል። የሚጠየቀው «ስንት ሰው አገለገላችሁ?» ነው። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

ስለዚህ የራሳችንን ጀመርን። በወር አንዴ፣ ከገበያ ቀን ማግሥት፣ አንዷ ቤት ቡና ይፈላል። ረዳቶቹ ብቻ ናቸው የሚመጡት። ስም አይጠራም፤ የሰው ምስጢር የሰው ነው። መናገር ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው እንቅልፍና ምግብ ነው። የከበደው ሰው ካለ ሥራውን ለተወሰነ ጊዜ ሌላው ይይዝለታል። ከባድ ቤት ብቻውን የሚሄድ የለም፣ ሁለት ሁለት ሆነን ነው። መንገድ ሲዘጋ በስልክ እንደዋወላለን፤ ካርዱን የሚሞላልን የለም፣ ከኪሳችን ነው። ቡናውም እንዲሁ። የቡና ዋጋ ደግሞ የምታውቁት ነው።

እኚያ የእድር ዳኛ ይመጣሉ። ብዙ አያወሩም። ቅሬታቸው የሚሰማው ቡናው ሲቀጥን ነው።

ለሚቀጥለው ሥልጠና አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠይቀናል። የረዳቱ ምዕራፍ መጨረሻ መሆኑ ይቅርና የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይሁን፤ ከሥልጠናው በኋላም በየወሩ የሚደውልልን አንድ ባለሙያ ይመደብ። ጠዋቱን ፈቅደዋል። ባለሙያውን «በጀት ላይ እናየዋለን» ብለዋል፤ እኛም በየሳምንቱ እየደወልን አይታችሁት እንደሆነ እንጠይቃለን።