ኬክ ኬክ የሚለው ጀበናዬ

ነገሩ የጀመረው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ነው። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ በየዓመቱ ዕጣ ይወጣና አንዱ ለሌላው በድብቅ ስጦታ ይገዛል። የኔን ስም ያነሳችው ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ባልደረባዬ ነበረች። ኢትዮጵያዊ ነው፣ ቡና ይወዳል ብላ ይመስለኛል፣ አምስት ትንንሽ ከረጢት ቡና በሳጥን አድርጋ ሰጠችኝ። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን አንዱ ላይ «ቲራሚሱ» ይላል፣ ሌላው ላይ «ካራሜል»፣ ከዚያ «ክሬም ብሩሌ»፣ «ሲናሞን ሮል»፣ «ብሉቤሪ ኮብለር»። የኬክ ቤት ሜኑ እንጂ ቡና አይመስልም።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ኡበር ነው የሚነዳው። ሳጥኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ቆይ፣ ቲራሚሱ ራሱ ቡና የገባበት ኬክ አይደል እንዴ? ስለዚህ ይሄ ቡና ቡና የሚል ኬክ፣ እሱን እሱን የሚል ቡና ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አገር ቤት እያለሁ ቡና አፍልቼ አላውቅም። የሚያፈሉት እናቴና እህቶቼ ነበሩ፤ የኔ ሥራ ፈንዲሻ መብላትና ሲኒ መቀበል ነው። የተማርኩት እዚህ መጥቼ ነው፣ ያውም በስልክ፣ እናቴ በቪዲዮ እያየችኝ «እሳቱን ቀንሰው፣ ሊገነፍልብህ ነው!» እያለች። ጀበናዋንም ስመጣ በጋቢ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣዬ የከተተችልኝ እሷ ናት። አሁን ሰባት ዓመት ሆናት። አፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች እንጂ ደህና ናት። ይህን የምነግራችሁ የጥፋቴ መጠን እንዲገባችሁ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ መቁላቴ ነው። ቡናው ተቆልቶ እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም። ግን እሑድ ነበር፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ዕጣኑ ተዘጋጅቷል፣ እና ሳይቆላ ዝም ብሎ ከከረጢት ወደ መፍጫ ሲገባ ቡናው ቡና አልመስል አለኝ። ትንሽ ላሙቀው ብዬ ቲራሚሱውን ምጣድ ላይ ገለበጥኩት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ ደስ የሚል የጣፋጭ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ያረረ ስኳር የሚመስል። ከዚያ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ጭስ። እኛ ቤት ቡና ሲቆላ አንዱ ይቆላል፣ አንዱ ጭስ ጠቋሚው ሥር ቆሞ በፎጣ ያራግባል፣ የታወቀ የሥራ ክፍፍል ነው። የዚያን ቀን ማራገቡም አልጠቀመም፣ መሣሪያው ጮኸ። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን በር አንኳኳችና «የምትጋግሩት ኬክ እያረረባችሁ ነው» ብላን ሄደች። ሰባት ዓመት ሙሉ ቡና ስንቆላ አንድም ቀን በር አንኳኩታ አታውቅም።

የተረፈውን ፈጭቼ ጀበና ውስጥ ጨመርኩት። ሁለተኛውና ዋናው ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ግን ያኔ አልገባኝም።

አቦሉን ቀዳሁ። ሽታው ፒያሳ ኬክ ቤት የገባሁ አስመሰለኝ። ስቀምሰው ግን ተራ ቡና ነው፣ እንዲያውም ቀጠን ያለ። አፍንጫ ጣፋጭ ጠብቆ ምላስ መራራ ሲያገኝ፣ ደረጃ ያለቀ ሳይመስላችሁ እግራችሁን ሰንዝራችሁ መሬት ቀድሞ እንደሚመታችሁ ዓይነት ነው። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ቡናው ተቆልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባና የጣዕም ዘይት ይረጭበታል፣ ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ። ጣዕሙን የሚያሟሟው ብዙ ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል፣ በምግብ ውስጥ የተፈቀደ ፈሳሽ ነው። ስኳር የለበትም። ኬኩ አፍንጫ ላይ ነው የሚቀረው፣ ወደ ሆድ የሚወርደው ቡና ብቻ ነው። እሺ፣ ለስኳር በሽተኛ ደግ ነገር ነው ልበል።

ጓደኛዬ «ሽቶ ተቀብቶ ሰርግ የሚሄድ ቡና» ብሎ ስም አወጣለት።

የብሉቤሪውን እንኳን በጀበና አልሞከርኩትም። ግን በእሱ ሰበብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሱፐርማርኬት የቡናው መደርደሪያ ጋ ቆሜ ሳነብ፣ የአገራችን ቡና ያለበት ከረጢት ላይም «ብሉቤሪ» የሚል ተጽፏል። እነሱም ዘይት ረጭተውበት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። አይደለም። ያልታጠበ የሚባለው ቡና፣ ማለትም ፍሬው ከነሥጋው ፀሐይ ላይ የሚደርቀው፣ በተለይ የሐረርና የሲዳማው፣ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ራሱ ብሉቤሪ ብሉቤሪ ይላል። ቀማሾቹ ናቸው እንዲያ ብለው የሚጽፉት። አስቡት፣ አንዱ ከረጢት ውስጥ ፀሐይ የሠራችው ብሉቤሪ፣ አጠገቡ ደግሞ ላብራቶሪ የሠራው ብሉቤሪ፣ እና ቤታችን ብሉቤሪ የሚባል ፍሬ ያላየን እኛ።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ መጡ። እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ነው ከጉራጌ የመጡት። ከቅዳሴ መልስ እኛ ጋ ቡና ይጠጣሉ። የዚያን ቀን ያፈላሁት የለመድነውን ይርጋጨፌ ነው፣ ቤት ውስጥ ተቆልቶ፣ እንደ ደንቡ ቁሌቱን አሽትቻቸው። እትዬ አንድ ፉት አሉና ሲኒውን አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ቡና ምን ነካው?»

«ምነው እትዬ?»

«ሽቶ ሽቶ ይለኛል። ጀበናውን በምንድን ነው ያጠብከው?»

«በውኃ ብቻ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ጓደኛዬ ግን አፉን መያዝ አያውቅም፣ ሁሉንም ዘረገፈላቸው፣ የጎረቤቷን ሳይቀር።

እኔም ተሟገትኩ። ምክንያቱም «እኛ ቡና ውስጥ ምንም አንጨምርም» የሚሉት ነገር እውነት አይደለም። ጨው የሚጨምር አለ። ጤና አዳም የሚነክር አለ። ኮረሪማና ቅርንፉድ አብሮ የሚወቅጥ አለ። ቦረናና ጉጂ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠብሱታል፣ ቡና ቀላ ይባላል። ሐረር ደግሞ ቅጠሉን ያፈላሉ፣ ቁጢ ብለው። እንዲያውም እዚህ በመከር ወራት ሁሉም የሚያብድለት የዱባ ቅመም ላቴ የሚባለው ነገር ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ ነው፣ የሻይ ቅመማችን የሩቅ ዘመድ። ስታርባክስ በ2003 ሲያወጣው ዱባ እንኳን አልነበረበትም፣ የገባው በ2015 ነው። ይህን ሁሉ ለእትዬ አላስረዳሁም፣ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ እናንተ አገር ቡና ውስጥ ቅቤ ይገባል አላሉኝም?»

«ይገባል። ጨውም ይገባል።»

«ታዲያ ከዚህ በምን ይለያል?»

«ቅቤውን የናጥኩት እኔ ነኛ። ይሄን ማን አየው?»

ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ። እትዬ ቶናውንም በረካውንም ጠጥተው ነው የሄዱት፣ ቡና አቋርጦ መሄድ ነውር ነው፤ ግን ሁለቱንም ጊዜ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚጎነጩት፣ ልክ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ጀበናዋ ኬክ ኬክ አለች ስላት «ልደት ነበር እንዴ?» አለችኝ። እስኪገባት ድረስ ሁለት ጊዜ ተረኩላት። ከዚያ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀበና እኮ ሸክላ ናት፣ የገባባትን ነገር ትጠጣለች። በሳሙና የማትታጠበውም ለዚህ ነው፣ ሳሙናውን ጠጥታ ለሳምንት ቡና ላይ ትመልስልሃለች። ዘይትማ ሲሆን አስቡት።

«እንደ አዲስ አሟሻት» አለችኝ በመጨረሻ። «አተላውን አትድፋ፣ አጠራቅመው። በውኃ አድርገህ ደጋግመህ አፍላባት፣ ድፋው፣ እንደገና አፍላ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አድርቃት።»

«እማዬ፣ ጃንዋሪ ነው እኮ። ውጪው በረዶ ነው።»

«ፀሐይ የላችሁም?»

«አለች፣ ግን አትሞቅም።»

«የማትሞቅ ፀሐይ!» አለችና ለእህቴ ልትነግራት ዞረች።

አሟሸኋት። አራት ምሽት ከሥራ መልስ አተላ አፈላሁ፣ ደፋሁ፣ ማሞቂያው አጠገብ አፏን ወደ ታች ደፍቼ አደረቅኳት። በሁለተኛው ቀን እንፋሎቷ አሁንም ኬክ ነበር። በሦስተኛው ቀነሰ። መፍጫውንም ጥሬ ሩዝ እየፈጨሁ ነው ያጸዳሁት፣ እሱ በአንዴ ለቀቀ። ብረት እንደ ሸክላ አያስታውስም።

ሐቁን ልናገር፣ የተቀሩትን አልጣልኳቸውም። ክሬም ብሩሌውን ወደድኩት። በጀበና አይደለም፣ በዚያች በወረቀት በምታጠልለው ርካሽ ማሽን፣ ወተት በዛ አድርጌ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ። ስኳሩ ሲገባ አፍንጫና ምላስ ይታረቃሉ። ለሥራ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምነሳው፣ በዚያ ሰዓት ማን ይቆላል፣ ማን ይወቅጣል? አንድ ኩባያ እሱን ይዤ መኪና ውስጥ ስገባ ደህና ነው። ቡና ነው ብዬ ሳይሆን፣ ትኩስ ነገር ነው ብዬ ነው የምጠጣው። ካራሜሉ ግን በወተትም በስኳርም አልዳነም፣ የልጆች የሳል ሽሮፕ ነው። ሲናሞን ሮሉ ደህና ነው፣ ግን ቀረፋ ከፈለግኩ ቀረፋ ቤቴ አለ።

ባልደረባዬ «ወደድከው?» ስትለኝ የክሬም ብሩሌውን ነገርኳት፣ የጀበናውን ዋጥ አደረግኩት። እነሱ አገር ቡና ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ነው የሚጠጣው፣ ዳቦው ቡናው ውስጥ ይነከራል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚጥማት። እኔም በምላሹ ግማሽ ኪሎ ይርጋጨፌ ቆልቼ አመጣሁላት። ዕረፍት ክፍል አብረን አፈላነው። ከዚያ እያየኋት ወተት ጨመረችበት፣ ስኳር ጨመረችበት፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ ካራሜል ክሪመር ጨመረችበት። ሆዴ ባባ። ምንም አላልኩም።

ጀበናዋ አሁን ደህና ናት። እትዬ ያለፈው እሑድ መጥተው አቦሉን ቀምሰው «ተመለሰች» አሉ። በረካው ላይ ግን ሲኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ትንሽ ቆዩ፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የብሉቤሪዋን ከረጢት ጓደኛዬ ወስዶ መኪናው ውስጥ፣ ወንበሩ ሥር አስቀምጧታል። የመኪና ሽቶ መግዛት አቁሟል። ባለፈው አንዱ ተሳፋሪ ይሄ ደስ የሚል ሽታ የምንድን ነው ብሎት «የኢትዮጵያ ቡና» ብሎ መለሰለት።