ዘይቱ እስኪወርድ

ዛሬ ደግሞ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኛል። ብርዱ ይሁን እንቅልፉ፣ እንጃ። አይሱዙው ያደረው ዳገት ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ መኪናውን ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሹፌር ዕድለኛ ነው። ዳገት ላይ የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ አይታመንም። ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ የጎደለውን ሙሉ፣ ሙሉውን ጎዶሎ ያስመስለዋል። ስለዚህ አስነሥቼ ወደ አዘዞ አወረድኩትና ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምኩት። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ዘይቱ ላይ ወጥቷልና፣ ተመልሶ እስኪወርድ አጥፍቶ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ይቺን የምጭረው እየጠበቅኩ ነው።

ረዳቴ፣ ልጁ፣ ጨርቅ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ የተመዘዘ መለኪያ አይነበብም፤ ጠርጎ፣ እስከ ታች መልሶ፣ እንደገና መምዘዝ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሆኖ ወደ ላይኛው ከተጠጋ ይበቃዋል። ከጎደለ ግማሽ ሊትር ጨምሮ፣ ቆይቶ እንደገና መለካት። ይጥገብ ብለው ከላይኛው ምልክት ካሳለፉት ከታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ በአረፋ ደግሞ ብረት አይለሰልስም። መጥቆሩ አያስደነግጥም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። የሚያስደነግጠው ማኪያቶ ሲመስል ነው፤ ውሃ ገብቶበታል፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው። ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅ።

ማዶ ባለ ጀበናዋ ቡናው ገነፈለባት። ቶሎ ነው የሚፈላው እዚህ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፣ 93 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ሞተር ግን በደህናው ቀን እንኳ እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ታዲያ የራዲያተሩን ውሃ እንዳይፈላ የያዘው ምንድን ነው? ክዳኑ! ስፕሪንጉ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ራዲያተር ማለት ክፍት ድስት ነው። እኛ ግን ሞተር በፈላ ቁጥር የቆላውን የመተማን ሙቀት እንከሳለን፣ የውሃ ፖምፓ እንቀይራለን። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ቴርሞስታት ነቅሎ የሚጥልም አለ። ይሄስ ያናድደኛል፤ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ናፍጣ ሲጠጣ ይውላል። ክዳኑን ገልብጦ ላስቲኩን የሚያይ ግን የለም። የሚታየው ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በቀዝቃዛው ነው፤ በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። እኔም ዛሬ ሳላየው አስነሣሁ።

የፍሬን ዘይትም ያው የመፍላት ነገር ነው። ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርዱ በፍሬኑ ግለት ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዕቃው ውስጥ መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ! መጠን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ይሄን በምን ያውቀዋል?

«ጋሼ፣ ግማሽ ሊትር ጎድሏል። ትናንት ስንት ነበር የጨመርነው?»

10 ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል ለካ። ጥያቄው ግን የሹፌር ነው። የአንድ ቀን ልኬት ብቻውን ምን ይናገራል? ሞተሩ ዘይት እየበላ ወይም እያፈሰሰ መሆኑ የሚታወቀው ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ነው፤ እጻፍ እጻፍ እያልኩ የምጨቀጭቀውም እኔው ነኝ። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ስለ ብርዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ስለ ዘይቱ አንድ መስመር የለም።